ትንሿ ጉማሬ በዚህ በኩል ሄደች

ተረት የማይሆንላት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት አይታችሁ ካላወቃችሁ እኔን አስቡ። ዱርቤቴ ውስጥ ከጥቃቅን ልጆች ጋር ስውል ዓመታት አልፈውኛል። ፊደል አስቆጥራለሁ፣ እጅ አስታጥባለሁ፣ ንፍጥ እጠርጋለሁ፣ የተጣላ አስታርቃለሁ። የተረት ሰዓት ሲደርስ ግን "በሉ ተኙ" ነበር የምላቸው። ባልደረቦቼ ድምፃቸውን እየለዋወጡ አንዴ ጦጣ፣ አንዴ አንበሳ ሲሆኑ ሳይ በእነሱ ፋንታ እኔ አፍር ነበር። ትልቅ ሰው፣ ያውም ደመወዝ የሚከፈለው፣ እንዴት እንደ ጦጣ ይንጫጫል?

ሁለት ልጆች በአንድ አሻንጉሊት ሲጓተቱ ደግሞ "አትቅና፣ ነውር ነው" እልና ነገሩ በዚያው ያበቃል። ያበቃል ብዬ አምን ነበር። ይህን እምነቴን ያስጣለኝ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ባሕር ዳር ላይ፣ ከጣና ዳር የሆነ ነገር ነው። እስኪ ልንገራችሁ።

ታናሽ እህቴ ሰናይት ወንድ ልጅ ወለደች፤ እኔም ልጠይቃትና ላርሳት ከዱርቤቴ መጣሁ። ባሏ ሙሉቀን በሞተር ጀልባ መንገደኛ ወደ ዘጌ እያመላለሰ ነው የሚኖረው። ቤታቸው ከሐይቁ ዳር ብዙ አይርቅም፤ ማለዳ ላይ የጀልባው ሞተር ሲነሳ አልጋ ላይ ሆኖ ይሰማል። የመጀመሪያ ልጃቸው ማኅሌት ትባላለች፤ እኛ ማሂ እንላታለን። ስድስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ዝምተኛ ናት፣ ግን ዝምታዋ ባዶ አይደለም፤ የሰማችውን ሁሉ ይዛ ትቀመጣለች።

ያ ሕፃን እስኪወለድ ድረስ ማሂ የምትተኛው ከእናቷ ጎን ነበር። አሁን ከእኔ ጋር መሬት ላይ ፍራሽ ተነጠፈላት። መጀመሪያ ሰሞን ማታ ማታ ቀስ ብላ ተነስታ ወደ አልጋው ስትሄድ እይዛትና "እናትሽ አራስ ናት፣ ተመለሽ" እላታለሁ። ትመለሳለች። አታለቅስም። እኔም ባለማልቀሷ ነገሩን የለመደችው መስሎኝ ነበር።

አራስ ቤት ሰው አይጠፋም። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" የሚለው ሁሉ ከመምጣቱ በላይ አንድ የማይቀር ነገር አለ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ሕፃኑን ካየ በኋላ ወደ ትልቋ ልጅ ዞር ይልና "ማሙሽን ልውሰደው? ትሰጪኛለሽ?" ይላል። "እምቢ" ካለች "አይ የኔ ጎበዝ፣ ወንድሟን ትወዳለች" ትባላለች። "ውሰጂው" ካለች ደግሞ ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ "ቀናች! ቀናች!" ይባላል። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሕፃን ሊወስድ የመጣ አንድም የለም። ጨዋታ ነው። እኔም ስቄያለሁ፤ አጥሚት እየቀዳሁ ከሁሉም በላይ የሳቅሁበት ቀን አለ።

ክርስትናው የሚሆነው እሑድ ነበር፤ አርባው የሚሞላው ያን ቀን ነው። ሐሙስ ዕለት ማሂ ቀኑን ሙሉ የግቢው በር ላይ ተቀምጣ ዋለች። ምሳ በጉርሻ ነው ያበላኋት፤ ዓይኗን ከመንገዱ አትነቅልም። አባቷን እየጠበቀች መስሎኝ ዝም አልኋት።

ዓርብ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ እንግዳ ጋብ ሲል ሰናይት ሕፃኑን አጥብታ አስተኛችውና እሷም እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ ከቤቱ ጀርባ ካለው ማድ ቤት አጥሚት ላፈላ ገባሁ። አጥሚት ካላማሰሉት ይጓጉላል፣ ከአጠገቡ መራቅ አይቻልም። አፍልቼ፣ አብርጄ፣ በኩባያ ይዤ ስገባ እህቴ ተኝታለች፤ ከጎኗ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ሙሉቀን መጥቶ አቅፎት ይሆናል ብዬ ወደ ሳሎን ወጣሁ። ማንም የለም። ስመለስ ሰናይት ነቅታ አልጋውን በእጇ እየዳበሰች ትፈልጋለች።

"አንቺ ጋ ነው?" አለችኝ።

"አንቺ ጋ አይደለም?" አልኋት።

ከዚያ በኋላ የሆነው በቅደም ተከተል አይታወሰኝም። ጩኸቷን አስታውሳለሁ። ጎረቤቱ አጥር ዘሎ ይሁን በበር ገብቶ ሳላውቅ ግቢው ሞላ። አልጋ ተገለበጠ፣ ቁም ሣጥን ተከፈተ፣ የውሃ በርሜሉ ሳይቀር ታየ። ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን፣ ደጅ እንኳ ያልወጣ። አንዷ "ሌባ ገብቶ ነው" ትላለች፣ ሌላዋ "ማርያም ድረሽለት" እያለች ደረቷን ትደቃለች።

ማሂ ግቢው ጥግ ቆማ ነበር። መጀመሪያ ያየኋት እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ ያየሁትም ጫማዋን ነው። እስከ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ጭቃ ነው። በጋ ነው፣ ዝናብ የለም፣ በሰፈሩ ጭቃ ያለው ሐይቁ ዳር ብቻ ነው። ልናገር አልናገር ስል አንዲት ዓሣ ሻጭ በር ላይ ቆማ "ይቺን ልጅ አይቻታለሁ፤ ከሐይቁ ስትመለስ ብቻዋን ነበረች" አለች። ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወደ ማሂ ዞረ።

ሙሉቀን በስልክ ተነግሮት ከወደቡ እየሮጠ ደረሰ። ልጁን በሁለት ክንዷ ያዛት።

"ወንድምሽን የት አደረግሽው? ተናገሪ! ውሃ ውስጥ ጣልሽው? ማሂ! ጣልሽው ወይ?"

ከንፈሯ ነጣ እንጂ አንድ ቃል አልወጣትም። ሰዎቹም ሲከቧት፣ ሲጮኹባት፣ አንዷ በልመና፣ ሌላው በቁጣ ሲጠይቋት ሾልካ ቤት ገባችና አልጋ ሥር ተወሸቀች። ሙሉቀን "ወደ ሐይቁ!" ብሎ ወጣ፤ ወንዶቹ ተከተሉት። ሰናይትን ሴቶች ደግፈው ግቢው ውስጥ መሬት ላይ አስቀመጧት። ጎረቤት ጠርቶት የመጣው ፖሊስ በር ላይ ቆሞ "ሕፃኗ ከተናገረች ነው የሚገኘው፤ እባካችሁ እንድትናገር አድርጓት" አለ። ሁሉም እኔን አዩኝ። መምህርት ናት፣ የልጆች መምህርት፣ እሷ ታናግራት።

ገብቼ በሩን ዘጋሁት። ምን እንደምላት አላውቅም ነበር። የማውቀው "ነውር ነው" ማለት ብቻ ነው። አልጋው ሥር ለማየት መሬት ላይ በሆዴ ተኛሁ። ግድግዳውን ተደግፋ ጉልበቷን አቅፋለች። ስጠራት ዓይኗን ጨፈነች። ባባብላት የባሰ ጠበቀች። ከውጭ የእህቴ ለቅሶ ይሰማል። የምለው ሁሉ ሲያልቅብኝ፣ በሕይወቴ ስንቀው የኖርሁት ነገር ከአፌ ወጣ።

"ተረት ተረት" አልሁ።

ልነሳ ስል ከአልጋው ሥር ቀጭን ድምፅ መጣ።

"የላም በረት።"

"ጣና ውስጥ አንዲት ትንሽ ጉማሬ ነበረች" አልሁ። ለምን ጉማሬ እንዳልሁ እግዜር ይወቅ፤ አባቷ ሐይቁ ላይ ያየውን ጉማሬ ሁልጊዜ ስለሚነግራት ይሆናል።

"ስሟ ማን ነው?"

"አላውቀውም።"

"ስም የላትም" አለች ማሂ። "ትንሿ ጉማሬ ነው የምትባለው።"

"እሺ። ትንሿ ጉማሬ ከእናቷ ጋር ትኖር ነበር። እናቷ ጀርባ ላይ ትወጣ ነበር። አንድ ቀን እናቷ ሌላ ጉማሬ ወለደች፤ በጣም ትንሽዬ። የሐይቁ እንስሳት ሁሉ ሊያዩት መጡ። ዓሣው መጣ። ወፉ መጣ።"

"አርጃኖዋም መጣች።"

አርጃኖ እዚያ የሐይቁ ዳር ቋጥኝ ላይ ፀሐይ የምትሞቀው ትልቋ እንሽላሊት ናት። እኔ አርጃኖ አላሰብሁም ነበር።

"አርጃኖዋ መጥታ ምን አለች?"

"ልውሰደው? አለች።"

"ትንሿ ጉማሬስ?"

"ይውሰዱት አለቻት። አርጃኖዋ እሺ፣ ነገ መጥቼ እወስደዋለሁ አለች። ከዚያ ትንሿ ጉማሬ በር ላይ ጠበቀቻት። ቀኑን ሙሉ ጠበቀቻት። አልመጣችም። ረስታው ነው።"

ሐሙስ ዕለት በር ላይ ተቀምጣ ማንን ትጠብቅ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። እናም ቸኮልሁ። "ማሂ፣ ማን ናት? እወስደዋለሁ ያለችሽ ማን ናት?" ብዬ ጠየቅሁ።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በሩን ፊቴ ላይ የዘጋችው ያህል ነው። እንዲህ ያለ ሞኝነት ከእኔ በቀር ከማን ይመጣል? ልጅቱ አንድ መንገድ ከፍታልኝ ነበር፣ ያውም ብቸኛውን፤ እኔ ግን አጥሩን ጥሼ ልገባ ሞከርሁ። መሬት ላይ ተኝቼ ትንፋሼ እስኪረጋ ጠበቅሁ።

"ይቅርታ" አልሁ በመጨረሻ። "ትንሿ ጉማሬን አቋረጥኋት። አርጃኖዋ ስትረሳ ምን አደረገች?"

ፊቷን ከግድግዳው መለሰች።

"ወሰደችላት።"

"የአርጃኖዋ ቤት ሩቅ ነው?"

"አታውቂውም?"

"እኔ የት አውቄው። ትንሿ ጉማሬ ናት እንጂ የምታውቀው።"

እየተሳበች ወጣች። ፀጉሯ አቧራ ለብሷል። አንድ ጣቴን ይዛ "በዚህ በኩል ነው የሄደችው" አለችኝ።

ግቢው ውስጥ ስንወጣ ሴቶቹ ሊጮኹ አፋቸውን ከፈቱ፤ እኔ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ በዓይኔ ለመንኋቸው። ሰናይት ከተቀመጠችበት ቀና ብላ አየችን፤ ዓይኗን ያየሁት አንዴ ብቻ ነው፣ ደግሜ ማየት አልቻልሁም። በሩ ላይ ፖሊሱ "ወዴት ናችሁ?" አለን።

"ተረት ላይ ነን" አልሁት። "ከፈለግህ ተከተለን፤ ግን አትናገር።"

ያበድሁ መስሎት መሆን አለበት። ቢሆንም ኮፍያውን አውልቆ ራቅ ብሎ ተከተለን።

እንግዲህ ያን መንገድ በተረት ውስጥ ሆኜ ሄድሁት። መሮጥ እፈልጋለሁ፣ ግን ትንሿ ጉማሬ አትሮጥም። መጮህ እፈልጋለሁ፣ ግን ማሂ በቀስታ ነው የምታወራው። ከአንድ የኮብልስቶን መንገድ ጥግ ስትደርስ ቆመች። "እዚህ ጋ ትንሿ ጉማሬ ደከማት። ተቀመጠች።" ተቀመጠች። እኔም ተቀመጥሁ። ባጃጆች በአጠገባችን ያልፋሉ፤ ሹፌሮቹ ያዩናል።

"ሕፃኑ ከበዳት?" አልኋት።

"በጣም ከበዳት" አለች። "ግን አልጣለችውም።"

ይህን ስትል ከግቢው ከወጣን ጀምሮ ይዤው የነበረው ትንፋሽ ወጣልኝ።

ተነስተን ወደ ሐይቁ ዳር ታጠፍን። አንድ የተዘጋ ሱቅ በር ላይ ቆመች። የእትዬ ዘይነባ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነው። እትዬ ዘይነባ ከወረታ መጥተው እዚያ ብዙ ዓመት የነገዱ፣ ሳቂታ፣ ለሰናይት እንደ እናት የሆኑ ሴት ናቸው። ረቡዕ ዕለት ለሕፃኑ ነጭ ጨርቅ ይዘው መጥተው ነበር። "ይሄንማ ወስጄ ሱቄ ውስጥ ነው የማስቀምጠው፤ ማሂዬ፣ ትሰጪኛለሽ?" ሲሉ እኔ ነኝ ከሁሉም በላይ የሳቅሁት።

"አንኳኳች" አለች ማሂ። "አርጃኖዋ የለችም። ዓርብ ነዋ፣ ለሶላት ሄዳለች።"

"ከዚያስ?"

"ፀሐይ ነበር። ሕፃን ፀሐይ ላይ አይሆንም፤ እናትየዋ ጉማሬ እንደዚያ ነው የምትለው። ስለዚህ ሹራቧን አወለቀችና ፊቱን ሸፈነችው። ከዚያ ጥላ ፈለገች።"

ያን ጊዜ ነው ሹራቧን እንዳልለበሰች ያየሁት። ቀዩ ሹራብ ከላይዋ አይወልቅም ነበር።

ከሱቁ ጀርባ ያለው ሜዳ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ሰው ሞልቶበታል። ወንዶቹ በደንገል ሣር ታንኳ ተሳፍረው ሸንበቆውን በዘንግ ይወጋሉ፤ ሙሉቀን እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ይዳብሳል፤ ድምፁ እንደ ሰው ድምፅ አልነበረም። ማሂ ስትሰማው ቆመች።

"ትንሿ ጉማሬ ከዚህ በላይ አትሄድም።"

"ለምን?"

"ስለሚጮኹ። እዚህ ጋ አቃጠላት።" እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

"በፊትም ያቃጥላት ነበር?"

ትንሽ አሰበች። የተናገረችውን ቃል በቃል ይዤዋለሁ፤ አንድም አልጨመርሁበት። "በፊት የሚያቃጥላት ሌላ ነው። ሁሉም ሰው ሕፃኑን ሲያዩት የሚያቃጥለው። ወስዳው ስትመለስ እሱ ጠፋ። ከዚያ እናቷ ስታለቅስ ሌላ መጣ። ይሄኛው ይብሳል።"

የሰው ልጅ ቅናት ምን እንደሆነ፣ ጸጸት ምን እንደሆነ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው በምን በር እንደሚገባ ከዚህ በላይ አጥርቶ የነገረኝ ሰው የለም። ጥርሷ ያልተለወጠ ልጅ ናት። እናቴ ትሙት፣ ሲወርድ የነበረው ነፋስ እንኳ ቆሞ የሰማት መሰለኝ። ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ።

"የመጀመሪያው ስም አለው" አልኋት። "ቅናት ይባላል። ሁለተኛው የመጣው ሕፃኑን ስለምትወደው ነው።"

"ቅናት የመጣባት መጥፎ ናት?"

"አይደለችም። እኔም ይመጣብኛል።"

"አንቺም ያቃጥልሻል እቴቴ? ትልቅ ሆነሽ?"

"ትልቅ ሆኜ።"

ይህ በጣም አስገረማት። ወደ ሐይቁ አየች፣ ወደ እኔ አየች፣ ከዚያ ጣቴን እንደገና ይዛ መራችኝ።

የጣና ሰዎች ታንኳቸው ውሃ ሲጠጣ ከዛፍ ግንድ አስደግፈው ያቆሙታል፤ ፀሐይና ነፋስ እንዲያደርቀው። ያን ቀን አንድ ትልቅ ሾላ ዙሪያውን ታንኳ ተደግፎበታል። ከታንኳዎቹና ከግንዱ መካከል ልጅ ብቻ የሚያስገባ ጥላ አለ። ፍለጋ የወጡት ወንዶች በጥድፊያ ከአንዱ ጎን ያሉትን አንስተው ወስደዋል፤ የቀሩት ደጋፊ አጥተው ዘመም ብለዋል። የከሰዓቱ የሐይቅ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይወዛወዛሉ። ውሃ የጠጣ ታንኳ ከወደቀ የቆመ ሰው ይሰብራል።

"እዚህ ጥላው ውስጥ ነው ያስተኛችው" አለች ማሂ።

ጀርባዬን ለታንኳው ሰጥቼ ደገፍሁት። ክብደቱ ትከሻዬ ላይ ወረደ። ፖሊሱ ሮጦ ሌላውን ያዘ። ገብቼ ማየት አልችልም፤ ብለቀው ይወድቃል። ማሂ "ትንሿ ጉማሬ ብቻ ናት የምትገባው" ብላ በጉልበቷ ገባች።

ከውስጥ ምንም አይሰማም። ለቅሶ የለም፣ ድምፅ የለም። አምላኬን ብዙ ጊዜ ለምኜዋለሁ፤ እንደዚያን ጊዜ ግን ለምኜው አላውቅም።

መጀመሪያ የወጣው ጭቃማ ጫማዋ ነው። በተቀመጠችበት ወደ ውጭ እየተንሸራተተች፣ አንድ ክንዷን ከአንገቱ ሥር አድርጋ፣ ሌላውን ከወገቡ ሥር፣ ልክ እናቷ ስታነሳው እንዳየችው፣ ይዛው ወጣች። በቀዩ ሹራብ ተጠቅልሏል። ነቅቷል። የሹራቡን እጀታ አፉ ውስጥ አስገብቶ በትጋት ይጠባል። ብርሃኑ ሲያገኘው ፊቱን ጨማደደና ጮኸ፤ የምወደው ጩኸት።

ታንኳውን ሰዎች መጥተው ተቀበሉኝ። እጄን ዘርግቼ "ስጪኝ" አልኋት።

"አይሆንም" አለች። "ትንሿ ጉማሬ ናት የምትመልሰው።"

ምን ትላላችሁ? እሱን እንዳቀፈች እሷን አቀፍኋትና ሁለቱንም ተሸክሜ ተነሳሁ። ሙሉቀን ከውሃው ወጥቶ እየተንገዳገደ መጣ፤ ልጆቹን አየ፣ ሾላውን አየ፣ ከዚያ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠ። "ከላዩ ነው ያነሳሁት" አለ። "ታንኳውን ከላዩ ላይ ነው ያነሳሁት።" እስከ ማታ ድረስ ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣውም።

ግቢው ስንደርስ ሰናይት ቆማ ነበር፤ ማን እንዳቆማት አላውቅም። ማሂን ከክንዴ አወረድኋት። በሴቶቹ መካከል አቋርጣ ሄዳ "እማ፣ አመጣሁልሽ" አለቻት። እህቴ ሕፃኑን ብቻ ትነጥቃለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ተንበርክካ ሁለቱንም በአንድ ላይ ደረቷ ላይ አደረገቻቸው። እልልታው ያን ጊዜ ነው የፈነዳው።

እትዬ ዘይነባ ከመስጊድ ሲመለሱ ነገሩን መንገድ ላይ ሰምተው እያለቀሱ መጡ። ማሂ ፊት ቁጭ ብለው "ይቅር በይኝ ልጄ፤ ልወስደው አልነበረም፣ ስቀልድ ነው" አሏት።

ማሂ አየቻቸው። "ታዲያ ለምን ነገ እመጣለሁ አሉ?" አለች።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ዛሬ ዱርቤቴ ክፍሌ ብትመጡ ተረት ስናገር ታገኙኛላችሁ። ድምፄን መለወጥ አሁንም አልችልበትም፤ ጦጣዬ ከአንበሳዬ አይለይም፣ ልጆቹም ይስቁብኛል። ግን አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ልጅ "ለምን እንዲህ አደረግህ?" ሲባል የሚያየው የተቆጣውን ፊት ብቻ ነው፤ የሚደበቅበትን ይፈልጋል። ጉማሬዋ ምን አደረገች ሲባል ግን ከተደበቀበት ሳይወጣ ይነግራችኋል። እናንተ ተረቱን ጀምሩና ዝም በሉ፤ መሪውን ለእሱ ልቀቁለት። እባካችሁ ደግሞ በጀመረው መንገድ ላይ እንደ እኔ "ማን ናት?" ብላችሁ አታቋርጡት። የሚያቃጥለውን ነገር ስም ስጡለት እንጂ ልጁን በዚያ ስም አትጥሩት። "ቀናተኛ" የተባለ ልጅ ስሙን ይዞ ያድጋል፤ "ቅናት መጣብህ?" የተባለ ልጅ ግን የመጣ ነገር እንደሚሄድ ያውቃል። ይህን ሁሉ ያስተማረችኝ ማሂ ናት። እኔ ተረት ነገርኋት ስል እሷ እኔን በጣቴ ይዛ ወደ ሕይወት መራችኝ።

እሑድ ክርስትናው ሆነ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቤቱ በእንግዳ ሞላ። ሕፃኑ በነጭ ተሸልሞ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ሁሉም ይስመዋል፣ ሁሉም አባቱን ነው እናቱን ነው ይላል። ማሂ እናቷ አጠገብ ቆማ ነበር። እጇን ደረቷ ላይ ስታደርግ አየሁ፤ ሁለመናዬ ዓይን ሆነ። ልትሸሽ ነው ብዬ ከመቀመጫዬ ግማሽ ተነሳሁ።

የእናቷን ቀሚስ ሳበችው።

"እማ" አለች፣ ያን ሁሉ ሰው ሳትፈራ። "ቅናቴ መጣ።"

ማንም አልሳቀም። ሰናይት ሕፃኑን ለባሏ ሰጠችው፣ ማሂን አነሳቻትና ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት፣ ጭንቅላቷን ደረቷ ላይ አሳረፈች። "እስኪሄድ ድረስ አብረን እንቀመጣለን" አለቻት።

ያ ቤት ውስጥ ሽማግሌዎች ነበሩ፣ ካህናት ነበሩ፣ ነጋዴዎች ነበሩ፣ እኔም ነበርሁ። ከመካከላችን ያን ቃል በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ ጮክ ብሎ ተናግሮ የሚያውቅ አልነበረም። ማሂ እናቷ ጭን ላይ ትንሽ ተቀመጠች። ከዚያ "ሄደ" ብላ ወረደችና ልትጫወት ወጣች።